ሙሳ የሚባለው መድፍና የአያቴ መሐላ

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ ኦስሎ ውስጥ ኤከበርግ ኮረብታ ላይ ስዞር ዝናብ መጣብንና፣ ጫካው ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከቀሩት ምሽጎች አንዱ ደጃፍ ላይ ተጠለልን። ከውስጥ የእርጥብ ሲሚንቶ፣ የዛገ ብረትና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ወጣ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «ይሸታል እኮ!» አለች። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ ሳብኩት። ይህ ሽታ የትም ቦታ ሲያገኘኝ፣ አባባ ይማም ጎኔ ቆሞ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «ሱብሃነላህ፣ ይህን ሁሉ ሲሚንቶ ማን ተሸክሞ አወጣው?» ሲል ነው የሚሰማኝ።

አባባ ይማም የእናቴ አባት ነው፤ የወሎ ሰው፣ የሐይቅ። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሊጠይቀን ኦስሎ መጥቶ አንድ የትምህርት እረፍት ከእኛ ጋር ከረመ። ያኔ አመሩድ በሚባል የከተማው ሠፈር፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። እማዬ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ አባዬ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሐምሌ ሲገባ የኖርዌይ ሰው ሁሉ ከተማውን ጥሎ ወደ ገጠር ቤቱ ይሄዳል፣ ትምህርት ቤቱም ይዘጋል። የሁለቱም ቫክት፣ ማለት የሥራ ተራቸው፣ በአንድ ቀን ሲውል እኔ የምቀመጥበት አልነበረም። የአባባ መምጣት ለእማዬ ከሰማይ የወረደ መና ነበር።

የመጀመሪያ ቀን እማዬ ወጥ ቤት ጠርታኝ በሹክሹክታ «ነጃት፣ አባባ መንገዱን አያውቅም፣ ቋንቋውንም አያውቅም። እንዳይጠፋብን እጁን እንዳትለቂ» አለችኝ። ደረቴ በኩራት ተነፋ። ለእሱ ደግሞ ለብቻው «ልጅቷ ቀዥቃዣ ናት፤ እንዳትጠፋብዎት እጇን እንዳይለቁ» ብላው ኖሯል። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ያን ሁሉ ቀን ታዲያ እጅ ለእጅ ተቆላልፈን፣ እያንዳንዳችን ጠባቂ ነን ብለን፣ ባቡር ላይ እንኳ ሳንላቀቅ ከረምን።

እኔ «አንተ» ነበር የምለው። እማዬ በሰማች ቁጥር ፊቷ ይቀላል፤ «አንቱ በይ! ጓደኛሽ ነው እንዴ?» ትለኛለች። እሱ ግን «ተያት ዘሀራ፣ አላህንም አንተ ነው የምንለው» ብሎ ያስጥለኛል። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ!

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ክፍላችን በሙሉ ወደ ኦስካርስቦርግ ሄዶ ነበር። ከኦስሎ በስተደቡብ፣ ፊዮርዱ፣ ማለት ወደ መሬት ዘልቆ የሚገባው ባሕር፣ እጅግ በሚጠብበት ቦታ ላይ ያለ የምሽግ ደሴት ነው። እዚያ ያሉት ትላልቅ መድፎች እንደ ሰው ስም አላቸው፤ ሙሳ፣ ሃሩን፣ ዩሻዕ፣ በኖርዌጅኛው አጠራር ሞሰስ፣ አሮን፣ ዮስቫ። አስጎብኚዋ ጦርነቱ በመጣበት ንጋት ወደ ኦስሎ ይጓዝ የነበረን ታላቅ የጠላት መርከብ ሙሳ እንደ መታው፣ መርከቡም እዚያው ሰጥሞ እስከ ዛሬ ከሥር እንዳለ ነገረችን። ሌሎቹ ልጆች ሳንድዊቻቸውን አወጡ። እኔ ሳንድዊቼን ረስቼ ጆሮዬን ሙሳ ላይ ለጠፍኩ። ብረቱ ፀሐይ ላይ ውሎ እንኳ ከውስጥ ይቀዘቅዝ ነበር። ተኝቶ የሚተነፍስ መሰለኝና ቀስ ብዬ፣ እንዳልቀሰቅሰው በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ሄድኩ።

አባባ በመጣ ማግስት ይህን ሁሉ ዘረገፍኩለት።

«መድፍን በነቢይ ስም? አስተግፊሩላህ!» አለ። «ሙሳ ባሕር ከፍሎ ሰው አሻገረ እንጂ ሰው መቼ አሰጠመ?»

«ፊርዓውንስ አልሰጠመም?» አልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርኣን እማር ስለነበር በዚህ አልታማም።

አባባ አፉን ከፍቶ አየኝና ሳቁ መጣ። «ይቺ ልጅ ቃዲ ናት» አለ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ቦታው ባሕር ላይ ነው ያልሽው?» ሲል ጠየቀኝ።

እንዲህ ተጀመረ። በጠዋት ዳቦና ቴምር ይዘን እንወጣለን፤ የአባዬን ባልደረቦች አውቶቡስ እየቀያየርን የፊዮርዱን ዳርቻ እናስሳለን። አባባ ከተማውን አልፈለገም። ሱቅ ብናሳየው «ማሻአላህ» ብሎ ያልፋል። ባሕር ዳር ሲደርስ ግን እርምጃው ይለወጣል፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ ድንጋይ ለድንጋይ ይዘላል። የጥድ ሥር ድንጋዩን አቅፎ የሚበቅልበትን አለት፣ በሚደርቅ የባሕር ሣር ላይ የሚራመዱትን ሸርጣኖች፣ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚያደርቁትን ጥቁር ወፎች ያሳየኛል። እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ ባይ፣ አንዱንም ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ምሽጎቹ ደግሞ በየዛፉ መካከል ድንገት ብቅ ይላሉ። የሲሚንቶ ግድግዳ፣ ጠባብ መስኮት፣ ሣር የበቀለበት ጣሪያ። መጀመሪያ ላይ ኮሙኑ፣ ማለት የከተማው አስተዳደር፣ ቤት ላጡ ሰዎች የሠራቸው መስለውኝ ነበር፤ እማዬና አባዬ ስለ ኮሙኑ ቤት ሁልጊዜ ያወሩ ስለነበር። «ለምን መስኮቱን እንዲህ አጠበቡት? ኪራዩ እንዲረክስ ነው?» ብዬ ስጠይቀው አባባ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ወደ ውስጥ ስንገባ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ቢስሚላህ፣ አሰላሙ ዐለይኩም» ይላል።

«ማን አለ?» እለዋለሁ እጁን አጥብቄ።

«ማን እንዳለ ምን አውቃለሁ? ሰው የኖረበት ቦታ ሰላምታ ይገባዋል።»

ለእኔ ይህ ማለት ወታደሮቹ አሁንም ውስጥ አሉ ማለት ነበር። ጨለማው ውስጥ ጠብታ ጠብ ሲል ኩባያ የሚያስቀምጡ ይመስለኝ ነበር። እፈራለሁ፣ ግን ደግሞ ምንም ቢሰጡኝ አልወጣም። አባባ በመዳፉ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ ጠባቧ መስኮት ጋ ሲደርስ ብድግ አድርጎ ያቅፈኛል። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ያየሁት ባሕር፣ በአንድ ስንጥቅ የሚያበራ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲህ ያየሁት ባሕር ሁሉ አይደርስበትም። «አላህ እዩልኝ ብሎ የሠራው ነው፤ እነዚህ ወታደሮች ደግሞ እዚህ ተደብቀው ሲጠብቁት ኖሩ» ይላል አባባ፣ ለራሱ።

አንድ ቀን እስከ ድሮባክ ድረስ ሄድን። ድሮባክ ከኦስካርስቦርግ ፊት ለፊት ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ደሴቱ ከዚያ ሲታይ በድንጋይ ውርወራ የምትደርስበት ይመስላል። ወደዚያ አንዲት ትንሽ ጀልባ ሰው ታመላልሳለች። እኔ የአባባን እጅ እየጎተትኩ፣ ስለ ሙሳ እየለፈለፍኩ፣ ዘልዬ ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። እጃችን ተላቀቀ። ዞር ስል አባባ የወደቡ እንጨት ጫፍ ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን አነሳ፤ እግሩ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ መልሶ ወደ ኋላ አስቀመጠው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ውረጂ ነጁ» አለ። «ዛሬ ይቅርብን።»

ጀልባዋ ያለ እኛ ሄደች። አባባ ማዶ እስክትደርስ ዓይኑን ሳይነቅል አያት፤ ያን ቀን ቴምሩን እንኳ አልቀመሰም።

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ አባባ ዋና አይችልም። በሚቀጥለው ጊዜ የራሴን ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ወደቡ ላይ አውጥቼ በአንገቱ ላስገባ ስታገል ሰደርያው ጆሮው ላይ ቀረ። እንዲያ ሆኖ ይስቃል፤ ሲስቅ ቆይቶ እንባው መጣ፤ እንባው ግን ሳቁ ካቆመ በኋላም አላቆመም።

«ሐይቅ ዳር ተወልጄ ዋና የማልችል መሰለሽ?» አለኝ። «ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ያን ቀን ነው የነገረኝ። በወጣትነቱ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ነበር። ኢትዮጵያ ባሕርም መርከብም በነበራት ጊዜ ማለት ነው። መምህሮቹ ከኖርዌይ የመጡ መኮንኖች ነበሩ፤ ረጃጅም፣ ፀሐይ አፍንጫቸውን የላጠው፣ ሲቆጡ በራሳቸው ቋንቋ የሚሳደቡ። እዚያ ዕድሜውን ጨረሰ። በኋላ በዚያ በወንድማማች ጦርነት ጊዜ፣ እሱ በወባ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ መርከቧ ጓደኞቹን ይዛ ወጣች። አልተመለሰችም። አንድም ሰው፣ አንድም ሬሳ አልተገኘም። እሱ ከሆስፒታል በባዶ እግሩ ወጥቶ ወደቡ ላይ ቆሞ «መርከቤ ከነሰዎቿ ካልተመለሰች፣ ወላሂ እግሬ ሁለተኛ መርከብ አይረግጥም» ብሎ ማለ።

«ጀልባም መርከብ ነው?» አልኩት።

«ለሚምል ሰው ጀልባም መርከብ ነው።»

«አውሮፕላንስ?»

«አውሮፕላኑን ያኔ አላሰብኩትም» አለና አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «መቃብር የላቸውም ነጁ። ሰው ለሞተበት ሰው መቃብሩ ላይ ቆሞ ዱዓ ያደርጋል። የእነሱ መቃብር ውሃ ነው። ሳልሞት አንድ ጊዜ ውሃ ላይ ቆሜ፣ ስማቸውን ጠርቼ ዱዓ ባደርግላቸው! ግን በገዛ አፌ በሩን ዘጋሁት።»

«የእነሱ ባሕር እኮ ሌላ ነው፤ ይሄ የኖርዌይ ነው» አልኩ።

«ባሕር አጥር የለውም። ጨው ለጨው ይገናኛል።»

አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም አያቴ፣ በራሱ ቃል ታስሮ እንዲህ ሲሆን ማየት ከብዶኝ፣ ማታ አባዬ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሁሉን ነገርኩት። አባዬ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። በሚቀጥለው ጁምዓ አባባን ይዞ ወደ መስጊድ ሄደና ከአንድ የወሎ ሼህ ፊት አስቀመጠው። እኔም ጥግ ላይ ነበርኩ። ሼሁ ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጡ።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ያገራችን ሰው» አሉ። «የአላህ እዝነት ግን ለአፋፉም መውረጃ አበጅቶለታል። መሐላህ ከመልካም ነገር ከከለከለህ ፍታውና ከፋራውን፣ ማካካሻውን፣ አውጣ። አሥር ምስኪን አብላ። ካጣህ ሦስት ቀን ጹም።»

ጾሙን እማዬ በዚያው ምሽት ዘጋችው። አባባ የስኳር መድኃኒት ይወስዳል፤ የኦስሎ ፀሐይ ደግሞ በዚያ ወቅት መጥለቅ የምትባል ነገር የረሳች ናት። አባዬ «ሐይቅ እንደውልና እህትዎ ሰዓዳ አሥር ሰው ታብላ» አለ። አባባ እንቢ አለ። «የማልኩት በገዛ አፌ ነው፤ የማበላውም በገዛ እጄ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ ያለበት ከተማ ምስኪን ይጠፋል?»

እኔና አባባ ምስኪን ፍለጋ ወጣን። እውነቱን ለመናገር ብዙ አልደከምንም፤ አባባ ቀድሞ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሠፈሩን አጥንቶት ነበር። «ያ ከታች ያለው ሽማግሌ» አለኝ፤ ኦድቫር ማለቱ ነው፤ ከእኛ ሥር ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ። «ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው። ትናንት ባልዲ ይዞ ከጫካ ፍሬ ለቅሞ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ምሳው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አንዲት ደረቅ ዳቦ ነው። ልጅ የለው፣ ዘመድ የለው። ላ ሐውላ!» አንዲት ሴትዮም እንዲሁ፤ ውሻዋን እያናገረች ብቻዋን የምትበላ። አንድ ባልና ሚስትም፤ ፀሐይ ላይ ጥላ ሳይዙ ተዘርግተው የሚውሉ። እኔም ነገሩን በአባባ ዓይን አየሁት። ስንት ዓመት አብሬያቸው ሊፍት ስወጣ፣ እንዲህ መደኽየታቸውን አላወቅኩም! በየበሩ እያንኳኳሁ «አያቴ ቅዳሜ ምግብ ብሉልኝ ይላል» አልኩ። አንዳንዱ ደነገጠ። ግን እሺ አሉ።

ቅዳሜ እማዬ ቫክት ነበራት። አባባ መርከብ ላይ እንደለመደው በትልቁ ድስት የበግ ሥጋ በሩዝ ሠራ። አባዬ ጸጥ ብሎ ሽንኩርት ከተፈ፤ ምን እየሆነ እንደሆነ ገብቶት ነበር ብዬ አሁን እጠረጥረዋለሁ። እንግዶቹ በሰዓቱ መጡ፤ ከደቂቃው ዝንፍ ሳይሉ፣ አበባ ይዘው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ካልሲያቸው ታጥቦ። በሩ ላይ ጫማቸውን ደረደሩ። አባባ አንድ በአንድ እየቆጠረ አስቀመጣቸውና አሥሩም ሲሞሉ ፊቱ በራ። በገዛ እጁ ለያንዳንዳቸው ቆረሰ። «ብሉ፣ ብሉ የኔ ጌቶች» ይላል በአማርኛ፤ እነሱም ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው ይበላሉ። ኦድቫር ሦስተኛ ሳህን ላይ ሲደርስ አባባ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «አየሽ? ከስንት ቀን በኋላ ነው ትኩስ የቀመሰው» አለኝ።

እማዬ በሩን ከፈተች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቆማ፣ ሳሎኗን የሞላውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አየች። ፈገግ ብላ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠች። ከዚያ እኔንና አባባን ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋችው።

«አባባ፣ እነዚህን ሰዎች ማን ጠራቸው?»

«ምስኪኖች ናቸው። ከፋራዬን እያወጣሁ ነው።»

«ምስኪን?» ድምጿን ዝቅ ለማድረግ ስትታገል አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተነሳ። «ሴትየዋ የጥርስ ሐኪም ነበረች! ባልና ሚስቱ ስፔን አገር ቤት አላቸው! ያ ሹራቡ የተጣፈው ኦድቫር፣ ድሮባክ ባሕሩ ዳር ሂተ አለው፣ ትልቅ የእረፍት ቤት! ጀልባ አለው አባባ፣ ጀልባ!»

«ታዲያ ለምን ከጫካ ለቅሞ ይበላል?»

«ደስ ስለሚላቸው ነው!»

አባባ ወደ በሩ ዞረ። በበሩ መስታወት ኦድቫርን አየው፤ ኦድቫር ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ ነበር። «ዘሀራ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም? ጀልባ ይኑረው፣ ሁለት ይኑረው። ይህን ሰው ቁጭ በል ብሎ ያጎረሰው የለም።» አባዬ ተከትሎን ገብቶ ሼሁ ጋ ደውሎ ጠየቀ። ሼሁ ሲስቁ ድምፃቸው እስከ እኛ ድረስ ተሰማ። ጎረቤት ማብላት ትልቅ ምንዳ አለው፣ ግን ሂተ ያለው ሰው ከምስኪን አይቆጠርም አሉ። የአባባ ትከሻ ሲወድቅ አየሁት። ወደ አገሩ ሊመለስ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር። እኔ ወጥ ቤት ጥግ ሆኜ አለቀስኩ፤ በእሱ ፋንታ።

ሳሎን ስንመለስ ኦድቫር በእኔ በኩል አባባን ሥራው ምን እንደነበር ጠየቀው። «ባሕር ኃይል» አለ አባባ፣ ቅር ብሎት። ከዚያ ምን እንደ ነካው እንጃ፣ ቀና ብሎ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ «ስቲርቦርድ!» አለ፤ ግራውን ዘርግቶ «ባቦርድ!»። የኦድቫር ሹካ ከእጁ ወደቀ። የእኔም አፍ ተከፈተ፤ ቋንቋ አያውቅም የተባለው አያቴ ኖርዌጅኛ ተናገረ፣ ያውም እኔ የማላውቀውን! ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሽማግሎች አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። አንዱ የመርከብ ዕቃ ስም ይጠራል፣ ሌላው በእጁ ያሳየዋል፤ የቀሩት እንግዶች እንደ ሕፃን እያጨበጨቡ አመሹ።

የኖርዌይ ሰው ግብዣ ሳይመልስ እንቅልፍ አይወስደውም። በማግስቱ ኦድቫር የለቀማትን ፍሬ ማርማላታ ሠርቶ አንኳኳ፤ በጀልባው ወደ ኦስካርስቦርግ ሊወስደን እንደሚፈልግ ነገረን። ተረጎምኩ። አባባ ቀና ብሎ አባዬን አየው።

«ሰዓዳ ጋ ደውልልኝ» አለ። «በገዛ እጄ ማለቴ ትዕቢት ነበር።»

የአባባ እህት ሰዓዳ ሐይቅ ከተማ በግ አሳርዳ አሥር ችግረኞች አበላች። ስትደውል ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግነው፤ ከኋላዋ የበሉት ሰዎች ሲመርቁ ይሰማ ነበር። «በልተዋል፣ ጠግበዋል፤ አብሽር ወንድሜ፣ ተፈታህ» አለችው። አባባ ተነሥቶ ሁለት ረከዓ ሰገደ።

አባዬ ድሮባክ ድረስ አደረሰንና ለሥራ ተመለሰ። የኦድቫር ጀልባ የእንጨት ነበረች፣ ነጭ፣ ሞተሯ መሐሏ ላይ ያለ። አባባ እንጨቱ ጫፍ ላይ ቆመ። እኔ እጁን ያዝኩ። «ቢስሚላህ» አለና ረገጠ። ጀልባዋ ሸብረክ አለች፤ የአባባ ጉልበት ግን እንደ ወጣት ነበር፣ ከእሷ ጋር ዝቅ ብሎ ከእሷ ጋር ተነሣ። ዞሮም ለኦድቫር «ካስት ሎስ!» ብሎ ጮኸ፤ ገመድ ፍታ ማለቱ ነው። ኦድቫር እንደ ወታደር ታዘዘው።

ሙሳ ያለበት ደሴት በአጠገባችን አለፈ። እኔ እየጠቆምኩ ስጮህ አባባ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ ብዙም አላየውም፤ ዓይኑ ውሃው ላይ ነበር። ኦድቫር መጀመሪያ ሊያሳየን የፈለገው ነገር ስለነበር ወደ ሰሜን ጥቂት ቀጠለና ሞተሩን አጠፋው። ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። በሁለቱም በኩል ጥቁር ጥድ የለበሰው ተራራ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ውሃው ጠፍጣፋና አረንጓዴ ነው፤ እኛ ትንሽ ነጥብ ነን። ኦድቫር በጣቱ ወደ ታች አሳየ። «እዚህ ነው ያለው» አለ፤ «መርከቡ። ከነብዙ ልጆች።» ተረጎምኩለት። ከእግራችን ሥር፣ ከዚያች ቀጭን እንጨት ሥር፣ ሰው የሞላበት ታላቅ መርከብ መኖሩን ሳስብ የጀልባዋን ጠርዝ ያዝኩ። የምተነፍሰው እንኳ የሚሰማቸው መሰለኝ።

አባባ ቆመ። ሁለት እጁን ዘረጋ። የጓደኞቹን ስም እጠብቅ ነበር። እሱ ግን «ያ ረብ፣ ከዚህ በታች ላሉት ልጆች እዘንላቸው» ብሎ ጀመረ።

«አባባ» አልኩ ልብሱን ጎትቼ፣ «እነዚህ እኮ ጠላት ናቸው።»

«ከውሃ በታች ያለ ሰው ምን ጠላት አለው? እናቱ ሳትቀብረው የቀረ ልጅ ነው» አለ። «ማን ያውቃል፣ በእኔም ባሕር ላይ አንድ የማያውቃቸው ዓሣ አጥማጅ ለጓደኞቼ ሞተሩን አጥፍቶላቸው ይሆናል። አሚን በይ።»

«አሚን» አልኩ።

ከዚያ የራሱን ሰዎች ጠራ። ሀብቴ። ኪዳኔ። ሙሐመድ ኑር። ተስፋልደት። ስሞቹ ውሃው ላይ እየወጡ ይሄዱ ነበር፤ ለእያንዳንዱ አሚን እያልኩ ድምፄ ሰለለ። ሲጨርስ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ኦድቫር አንዲት ቃል አልገባውም። መሪውን ለቆ ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ጎርነን ባለ ድምፅ «አመን» አለ።

አባባ ዞር ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እንደገና እጁን ዘርግቶ ከመጀመሪያው ስም ጀመረ፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ቆም እያለ፣ የኦድቫርን «አመን» እየጠበቀ።